ለጥምቀት የታጠበው ባሕር

ጎንደር በሚገኘው ሆቴል ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ይመስለኛል። ባለቤቴ ሐሙስ ነበር ትላለች፤ እርሷ ልክ ሳትሆን አትቀርም። ያየሁትን ግን አልጠራጠረውም። ከእንግዳ መቀበያው ጎን፣ ከአንድ የልብስ ሣጥን በማይበልጥ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ባሕር ነበር።

በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የዓሣ ሳይንስ ነው። የጣናን ዓሦች መዝኛለሁ፤ ሆድ ዕቃቸውን ከፍቼ መርምሬያለሁ። ሕያው ኮራል ግን ከመጽሐፍ ሥዕል በቀር አይቼ አላውቅም ነበር። በደጋው ብርድ፣ ከየትኛውም የባሕር ዳርቻ ርቄ፣ እንደ አበባ የሚከፈትና የሚከደን እንስሳ ፊት ቆምኩ። ኮፍያዬን ያወለቅሁ ይመስለኛል።

የሆቴሉ ባለቤት አያ ይርጋ በሳንጃ ሰሊጥ ነግደው የከበሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ገንዳ ለንግድ በሄዱበት አገር አይተው ወደዱና በአስመጪ አስመጡት። የመጀመሪያ ትእዛዛቸው አጭር ነበር።

«ሌላው ቢሞት እተካዋለሁ። ይኼን ግን እንዳትገድልብኝ» አሉና በጣታቸው አሳዩኝ።

ከድንጋዩ ሥር ከአውራ ጣት የማይበልጥ ዓሣ ወጣ። ማንዳሪን ይባላል። በሰማያዊ ገላው ላይ ብርቱካናማ መስመር በብራና መጽሐፍ ራስጌ እንደሚሣል ሐረግ ይጠማዘዛል። በሆዱ ክንፎች ከድንጋይ ድንጋይ ይራመዳል፤ ቆም ይላል፤ ባዶ የሚመስለውን ድንጋይ ጠቅ ያደርጋል፤ ደግሞ ይራመዳል።

ጠዋት ጠዋት ሙቀቱን አያለሁ፤ ጨዋማነቱን እለካለሁ፤ በተነነው ልክ የተጣራ ውሃ እጨምራለሁ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አስነሣለሁ፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዓሣ ቶሎ ይታፈናል። የባሕር ጨው በከረጢት ከአዲስ አበባ ይመጣል። የጽዳት ኃላፊዋ እትዬ ዘውዴ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

«ምነው ዶክተር፣ የአፋር አሞሌ ለዓሣህ አነሰው?»

ዶክተር አልነበርኩም። እርሳቸውም ያውቁታል።

ማንዳሪኑ የምሰጠውን አይበላም። የደረቀ መኖ ሰጠሁት፤ ሌሎቹ ዓሦች ለቀሙት። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ፈጭቼ በቀጭን ቱቦ አፉ ድረስ አደረስኩለት፤ ፊቱን አዞረ። እትዬ ዘውዴ «ባሕታዊው» ብለው ስም አወጡለት። ባሕታዊው ግን ሆዱ ሙሉ ነበር። የሚበላው በድንጋዩ ላይ የሚኖሩትን ኮፔፖድ የሚባሉ፣ ከአሸዋ ቅንጣት የሚያንሱ ሕያዋን እንስሳት መሆኑን አንብቤ ነበር። አንብቤ እንጂ አይቼ አልነበረም።

ጥምቀት ሲደርስ በጎንደር የማይታጠብ ነገር የለም። እንግዳ ከየአገሩ ይጎርፋል፤ ሆቴሎች መጋረጃ ያወርዳሉ፣ ምንጣፍ ያራግፋሉ፣ ደረጃ ይፈገፍጋሉ። እኔ ጨው ላመጣ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ አያ ይርጋ ገንዳውም እንዲታጠብ አዘዙ። ስመለስ መስታወቱ የሌለ እስኪመስል ጠርቶ አገኘሁት።

«ኮራሉን እንዳልነካ ስላልከኝ አልነካሁም» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ደስ ብሏቸው። «ድንጋዮቹን ግን አንድ በአንድ አውጥቼ በቧንቧ ውሃ በብሩሽ ፈተግኋቸው። ያ ቡናማ እድፍ እንዴት አድርጎ ተጣብቋል! አሁን ሸጋ ሆነ።»

እንግዶች ተደነቁ፤ ፎቶ ተነሡ። በዓሉ አልፎ እንግዶቹ ሲሄዱ ማንዳሪኑ ይከሳ ጀመር። ሆዱ ገባ፤ ከራሱ ኋላ ያለው ሥጋ ጎደጎደ። ቀኑን ሙሉ ይራመዳል፤ ጠቅ የሚያደርገው ግን እየቀነሰ ሄደ።

«ምነው፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ጾም ያዘ እንዴ?» አሉ አያ ይርጋ። ቀልዳቸው ግን ፊታቸው ላይ አልነበረም። «ይኼ ከሞተ ገንዳውን አስነሣዋለሁ። ለራሴም ሐዘን አልገዛም።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የውጭ ብርሃን እንዳይገባ ገንዳውን በጋቢ ሸፈንኩና ከጋቢው ሥር ገባሁ። በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር ድንጋዩን መረመርኩ። ምንም አይንቀሳቀስም። ከገንዳው ጀርባ ያለውን የማጣሪያ ክፍል ከፈትኩ። ጨለማ ነው፤ በውስጡ ውሃ ማዞሪያ ሞተርና የድንጋይ ስብርባሪ አለ። እትዬ ዘውዴ መብራት የተያያዘበትን ነገር ስለሚፈሩ እዚያ እጃቸውን አላስገቡም።

ባትሪውን አበራሁ። ስብርባሪው በሙሉ ይንቀሳቀስ ነበር። ያነበብኳቸው ኮፔፖዶች ነበሩ፤ ነጫጭ ነጥቦች ሆነው ይሮጣሉ፣ ይቆማሉ፣ ይዘላሉ፤ አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በከረጢት አንጠልጥለዋል። እትዬ ዘውዴ የፈተጉት ቡናማ እድፍ ግጦሻቸው ነበር። በአንድ ጠጠር ላይ አንድ ሙሉ አገር አየሁ፤ ለመተንፈስም ፈራሁ።

እትዬ ዘውዴን ጠራኋቸው። ከጋቢው ሥር ገብተው አዩ። ሲያማትቡ ክርናቸው ጎኔን መታኝ።

«ይኼን ሁሉ ፈጥሮ ደግሞ ደበቀው?» አሉ። ቃሉን እኔ አሳምሬው ይሆናል፤ ክርናቸውን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

አያ ይርጋ ሲሰሙ እየሮጡ መጡ። «በል ሁሉንም አፍስስለት! እየሞተ እኮ ነው!»

ሁሉን ባፈስ ዓሣው ወዲያው ጨርሶ ይራባል። ጥቂት ብሰጥ የቀሩት ሳይበዙለት ሊሞት ይችላል። ማንም እርግጡን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

«አያ ይርጋ፣ በሳንጃ ለዘር ያስቀመጡትን ሰሊጥ ሸጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩት። «አላውቅም» አሉና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

በየጠዋቱ ጥቂት ጠጠር ብቻ ወደ ፊት አሻገርኩ። የማጣሪያው ክፍል ላይ ግጦሹ እንዲበረታ ትንሽ መብራት ሰቀልኩ። እትዬ ዘውዴ መስታወቱን የሚነካ ሠራተኛ እንዳይኖር ከልካይ ሆኑ። ቡናማው ልባስ በድንጋዩ ላይ፣ ቀጥሎም በመስታወቱ ላይ ተመለሰ። አንድ እንግዳ «ይኼ ገንዳ አይታጠብም?» ብሎ ሲያጉረመርም አያ ይርጋ «ማሳ ነው ወንድሜ፣ እድፍ አይደለም» ሲሉት ሰማሁ።

ማንዳሪኑ ለተወሰኑ ቀናት ከድንጋዩ ሥር አልወጣም። ስንት ቀን እንደሆነ አሁን ልናገር አልችልም። ከዚያ አንድ ጠዋት ወጣ። ጠቅ አደረገ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ጠቅ አደረገ። ሦስታችንም ገንዳው ፊት ቆመን እናይ ነበር። ፋሲካ ደርሶ ጾሙ ሲፈታ ሆዱ ሞልቶ ነበር።

ለዚህ ሙያ አዲስ ለምትገቡ የምለው ይህ ነው። ምግብ የሚመርጥ ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ድንጋዩ ቡናማ እስኪሆን ጠብቁ። ቡናማ ሲሆን በማጉያ መነጽር እዩት፤ አትጥረጉት።