የእርሳሱ ሳጥን

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል፣ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ

እኔና እህቴ ሰናይት ከቤት ወጣን። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ግፊያ። ማታቱው፣ ሚኒባሱ፣ ዝናቡን አይቶ ሠላሳ ሺሊንግ የነበረውን ስልሳ አድርጎታል። «ምናለ ትንሽ ብታፍሩ!» ብዬ ኮንዳክተሩ ላይ በአማርኛ ጮህኩበት። ሳይገባው ሳቀ። ሰናይት አልሳቀችም፤ ከትናንት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት ኪሊማኒ አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ዕቃ ክፍል ትሠራለች። የጨረር ሕክምና ባለሙያው ያገራችን ሰው ናቸው፣ ጋሽ ኃይሉ። ባለፈው ወር ለእረፍት አዲስ አበባ ሳሉ ደወሉላት። «ሰኒዬ፣ ዕቃ ክፍሉ ሊጸዳ ነው አሉ። አደራሽን፣ የእርሳሱን ሳጥን ለማንም እንዳትሰጪ!»

እሷ ደግሞ ናይሮቢ ያደገች ልጅ ናት። እርሳስ ሲባል የምታውቀው የሚጻፍበትን ነው፤ ጨረር የሚያግደውን፣ እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት የምትጠራው በእንግሊዝኛ «ሌድ» ብላ ነው። እርሳሶቹን ከነፓኬታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ጥግ ላይ የተቀመጠውን ከባድ ግራጫ ሳጥን ግን ቁራሌው ሲመጣ «ቹኩዋ ቱ፣ ዝም ብለህ ውሰደው» አለችው።

ሳጥኑ ውስጥ ስድስት መርፌዎች ነበሩ። ድሮ ለማህፀን ካንሰር ሕክምና ያገለግሉ የነበሩ፣ ጨረራቸው ግን ገና ያላለቀ። ጋሽ ኃይሉ ትናንት ተመልሰው ጥጉን ባዶ ሲያዩት እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ሦስት ሰዓት፣ ሁርሊንግሃም

ያበሻ ምግብ ቤት። ጋሽ ኃይሉ ፊት ያለው ሻይ ቀዝቅዟል። የጨረር መለኪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«ለመንግሥት አልተነገረም?» አልኳቸው።

«ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ በጸጥታ ፈልጉ አለ። እኔ እምቢ ብዬ ለመንግሥት ቢሮው ደወልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ።»

«የዕቃ ክፍሉ በርስ ምን ነበረው?»

«ጓጉንቸር። ቁልፉ እዚያው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ።»

«ጠባቂ የለም እንዴ?»

«ጠባቂው የሚጠብቀው ፋርማሲውን ነዋ! ሽሮፕ ይሰረቃላ!» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ስድስት ሰዓት፣ የቁራሌው ቤት

ሰናይት መንገዱን እየመራች ታክሲው ጭቃውን እየማሰ አደረሰን። መንገድ ላይ መለኪያው ጠቅ ጠቅ ሲል ሾፌሩ «ሙዜ፣ አባት፣ ይሄ ሬዲዮ የቱን ጣቢያ ነው የሚይዘው?» ብሎ ቀለደ። የሳቀለት የለም።

ቁራሌው ሙቱአ ይባላል። የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የላምባ ምድጃ። ሰናይትን ሲያይ ፊቱ በራ። «ማማ ሰናይት! ካሪቡ፣ ግቡ!»

ሳጥኑን ቀጥቅጦ አቅልጦ ሸጦታል።

«ውስጡ የነበሩትስ?» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«ቀጫጭን ሽቦ የሚመስሉት? ከቆሻሻ ጋር መኪና ወሰዳቸው። አንዷን ግን አስቀርቻለሁ፤ ምድጃው ሲደፈን በሷ ነው የምንጠርገው።»

ጋሽ ኃይሉ ወደ ምድጃው ሲጠጉ መለኪያው እንደሚቆላ በቆሎ ይንጣጣ ጀመር። «ውጡ! ሁላችሁም ውጡ!» ብለው ገፈተሩን። በረጅም መቆንጠጫ ያነሷትን መርፌ ይዘውት በመጡት ወፍራም ማሰሮ ውስጥ ሲከቷት በበሩ አየሁ። ማሰሮው ከምን እንደተሠራ አልጠየቅኩም። ሰናይት አጠገቤ ነበረች፤ ያን ቃል እንድትሰማው አልፈለግኩም።

ያን ጊዜ ነው የሙቱአን ጣቶች ያየሁት። ሁለቱ ቆዳቸው ተገፎ ጠቁረዋል። «ምድጃው አቃጥሎኝ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሆነው፣ አልድን አለኝ» አለ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ቀኝ እጇን በለበሰችው የካንጋ ጨርቅ ሸፍናለች።

ሰናይት ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «ኒሳሜሄ! ይቅር በለኝ!»

ሰውየው ግራ ገባው። «ለምኑ ነው ይቅር የምልሽ? በነጻ እኮ ነው የሰጠሽኝ። እግዜር ይባርክሽ!» ብሎ በዚያችው በቆሰለች እጁ ደግፎ ሊያነሳት ጎንበስ አለ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ አለቀስኩ።

አሥር ሰዓት፣ ኪሊማኒ

ባልና ሚስቱን ሰናይት የምትሠራበት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስገባናቸው። ተረኛው ሐኪም የቃጠሎ ቅባት አዘዘ። ጋሽ ኃይሉ «የጨረር ነው እንጂ የምድጃ ቃጠሎ አይደለም!» ብለው ኮሪደሩ ላይ ጮኹበት።

«ይድናሉ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ጣቶቹን ያጣቸዋል። ሌላውን አትጠይቀኝ።»

«አምስቱ መርፌዎችስ?»

ወደ መስኮቱ አዩ። ከታች ከተማው አለ። ቆሻሻ የጫነ መኪና ያልፋል።

ሥራ አስኪያጁ ቅጽ ላከ፤ ሰናይት የጠፋውን ዕቃ ዘርዝራ ትጻፍ ተባለ። እስክሪብቶ አልነበራትም። ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ፓኬቱን አወጣች። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

አሥራ ሁለት እርሳስ። አንድም አልጎደለም።