ወደ ታች በወረዱ ቁጥር

ተማሪዎች «እትዬ ጠርሙስ» የሚሏት የቤተ ሙከራው ዕቃ ጠባቂ፣ ያን ሰኞ ማለዳ ዳቦዋን ቅቤ ልትቀባ ቢላዋ አነሳች። ቅቤው ላልቶ ስለነበር ቢላዋው ስምጥ አለ። እጇ ባለበት ቀረ።

ዓርብ ዕለት ወረንጦዋም እንዲሁ ስምጥ ብሎ ነበር።

ዓርብ መደርደሪያዋን ስትወለውል ሁለት ጠርሙሶች አወረደች። ዘይት የጠጣው የስም ወረቀታቸው ተላጠ። በሁለቱም ውስጥ ዘይት የዋጠው ብርማ ብረት አለ፤ አንዱ ሶዲየም፣ ሌላው ፖታሲየም። የትኛው የት እንደነበር እጇን አምና አዲስ ወረቀት ለጠፈችባቸው። ከዚያ «ሶዲየም» ብላ ከጻፈችበት ውስጥ ብቅ ያለውን ብረት በወረንጦ ወደ ዘይቱ ስትገፋው፣ ወረንጦው ገባበት። የኬሚስትሪ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ያጣድፋት ስለነበር ልብ ሳትለው አስረከበችው።

እንዲህ የሚላላው ግን ፖታሲየም ነው።

«አቀያይሬዋለሁ!»

«ምኑን?» አለ ልብስ ሰፊው ባሏ፣ ከሚሰፋው ሱሪ ቀና ሳይል። «ደግሞ እንደ ቁንጫ ምን ያዘልልሻል? ሥራሽ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሻይሽን ጠጪ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሙከራው ዛሬ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነው፤ ፖታሲየም ውሃ ሲነካ ከሶዲየም ይብሳል፤ የልጆች ዓይን ሊጠፋ ነው!»

ደወለች፤ የመምህሩ ስልክ ዝግ ነው። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳ ወጣች። አውቶቡስ አልመጣ አላት። ቆመች፣ ሄደች፣ ተመለሰች፤ በመጨረሻ በእግሯ ነካችው። «አምላኬ፣ ሰዓቱን ያዝልኝ» ትላለች በየርምጃው። ትምህርቷን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆመችው። የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ የተማረችው ተቀዳደው ግምጃ ቤቷ ከተጣሉ መጻሕፍት ነው፤ ለዚህም ሁሌ ታመሰግናለች። ዛሬ ግን ማወቋ ራሱ አላስቀምጥ አላት።

የቤተ ሙከራውን በር ከፍታ ስትገባ መምህሩ የአተር ፍሬ የሚያህል ብረት በወረንጦ ይዞ የውሃው ሳህን ላይ ደርሷል።

«መምህር፣ እንዳይጥሉት!»

«እትዬ ጠርሙስ ሹራባቸው ተገልብጧል!» አለ አንዱ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«እትዬ፣ ክፍለ ጊዜ ላይ ነኝ እኮ።»

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን አቀያይሬዋለሁ፤ የያዙት ፖታሲየም ነው።»

መምህሩ አያት፣ ብረቱን አየ፣ ወደ ዘይቱ መለሰው። ልጆቹን ወደ ኋላ ፈቀቅ አድርጎ፣ በመስታወት ጋርዶ፣ የምስር ክክ የማታክል ቁራጭ ጣለ። ቁራጯ ውሃው ላይ ከወዲያ ወዲህ ተራወጠች፤ ሐምራዊ ነበልባል ቦግ አለ፤ ጧ! ብላ ጠፋች። ሶዲየም ቢሆን ነበልባሉ ቢጫ ነበር። መምህሩ ላቡን ጠረገ።

«በሰንጠረዡ ታች ያለው ፖታሲየም ለምን ይብሳል?» ጠየቀች ከፊት የተቀመጠች ልጅ።

«እሳቸው ይንገሯችሁ» አለ መምህሩ ወደ እትዬ እያመለከተ።

«ሁለቱም ዳር ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ አላቸው» አለች፣ እጆቿን እያፍተለተለች። «በሰንጠረዡ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ደርብ ይጨመራል፤ አቶሙ ይተልቃል። ዳር ያለው ከአስኳሉ ይርቃል፤ ከራቀ መያዣው ይላላል። ውሃ ሲያገኝ እግሬ አውጪኝ ነው።»

«ወደ ቀኝስ ሲኬድ?»

«እዚያማ ደርቡ ያው ነው፤ የአስኳሉ ጉልበት ግን ይጨምራል። ሁሉንም ወደ ራሱ ሰብሰብ ያደርጋቸዋል፣ አቶሙም ያንሳል። እኔ ራሴ ‹እንዴት እየተጨመረበት ያንሳል?› ብዬ ሦስት ቀን ተብሰልስያለሁ።»

ደወሉ ሲደወል መምህሩ ጠጋ አላት። «ማንም አልተጎዳም። ለርእሰ መምህሩ የግድ መንገር የለብንም።»

«እነግራቸዋለሁ እንጂ። ነገ ጠርሙሱን ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል።»

ከነተገለበጠው ሹራቧ ቢሮ ገባች፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይዛ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ግን መስታወት ላይ የሚጽፍ፣ ዘይት የማያስለቅቀው ቀለም ጠይቃ ነበር፤ ርእሰ መምህሩም እያጉረመረመ መግዣውን ፈርሞላታል።

ግምጃ ቤቷ ገብታ ማስጠንቀቂያውን አጥፋ ኪሷ ከተተች። «ተመስገን» አለች። ከዚያ ወንበሯን እንኳን ሳትስብ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ጀምራ ጠርሙሶቹን ስማቸውን እያጣራች አንድ በአንድ ታወርድ ጀመር።