የደብሪቱ ባሌስትራ

ደብሪቱ ንግግሯ ቁጥብ ነው፤ ቂሟ ግን ቶሎ አይበርድም። ይህን የቀበና ጎረቤቶቿ ሁሉ ያውቃሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጋ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸክም አዝላ ቁልቁል ስትወርድ ኖራለች። ወገቧ አልታዘዝ ሲላት ግን ቁጭ ብላ ማሰብ ጀመረች። ቅጠል ያን ሁሉ ቦታ የሚይዘው በመሃሉ ባለው አየር ነው። ተከትፎ፣ ተነክሮ፣ ከትንሽ ጭቃ ጋር ተለውሶ ቢታመቅ አንዱ ሸክም በአንድ ዘንቢል ይገባል፤ ሲደርቅም እንደ ከሰል ይነዳል።

ከቁራሌ በገዛችው ብረት መጭመቂያ ሠራች። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ አፈረሰችው። አራተኛው ተሳካ። ረጅም እጀታ፣ የብረት ሳጥን፣ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ የተበሳሳ የሳጥን ወለል ነበረው። ቀዳዳዎቹ ስንት እንደሚሆኑና የት የት እንደሚውሉ ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባታል፤ የምትኮራውም በእነሱ ነበር። ከወለሉ ሥር ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ ባሌስትራ ሸጎጠች። እጀታው ሲጫን ባሌስትራው ይጎብጣል፤ ሲለቀቅ ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶ የታመቀውን የቅጠል ጡብ ከሳጥኑ ያወጣዋል። በዚህኛው ግን ታፍር ነበር። ሌላ ብረት ስላጣች ያስገባችው ውዳቂ ነዋ!

ጉርድ ሾላ ቢሮ ያላት ባርኮት የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ለእንጦጦ ሴቶች ሥልጠና ልትሰጥ መጥታ መጭመቂያውን አየች። «እትዬ ደብሪቱ፣ ይህን ለሰው ከማሳየትዎ በፊት ፓተንት እንጠይቅ፤ የፈጠራው ባለቤትነት በስምዎ ይመዝገብ» አለቻት። ሥዕሉ ተሣለ፣ ጽሑፉ ተጻፈ፣ ማመልከቻው ገባ። ከዚያ በኋላ ነው ደብሪቱ ኮተቤ መንገድ ላይ ብረታ ብረት ቤት ላለው ለወንደሰን «እንደዚህ አድርገህ አምስት ሥራልኝ» ብላ መጭመቂያዋን የሰጠችው።

ወንደሰን አምስቱን ሠራላት። ከአራት ወር በኋላ ደወለ። «እትዬ፣ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቷል። አብረን እናሳይ።»

አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ የወንደሰን ፎቶግራፍ የሰው ቁመት አክሎ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የፈጠራ ባለሙያ» ይላል። ምናልባት የእሷ ስም በሌላው በኩል ይኖራል ብላ ዞራ አየች፤ የለም። እጀታውን ይዛ ለተመልካች ጡብ እየጨመቀች ሳለ አንድ ጋዜጠኛ ማይክሮፎኑን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እርስዎስ እዚህ ሥራ ላይ ምንድን ነዎት?»

ከእሷ ቀድሞ ወንደሰን መለሰ። «እሷ ማሽኑን የምታሳይልኝ ናት። ቅጠል ለቃሚ ነበረች፤ እኔ ነኝ ሥራ የሰጠኋት።»

ሰዉ አጨበጨበ። ደብሪቱ የጀመረችውን ጡብ ጨርሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ወጣች። አላለቀሰችም። በታክሲው ውስጥ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ለእሱ የተናገረች መስሎት ዞር ብሎ አያት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፓተንቱን የምትጠብቀው መጭመቂያዋን በራሱ ስም እየሠራ የሚሸጠውን ወንደሰንን ለመያዝ ብቻ ሆነ። ሲጠበቅ ሲጠበቅ ፓተንት ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት የመጣው ግን ማመልከቻውን ያየው መርማሪ ደብዳቤ ነበር። ባርኮት ቢሮዋ አስቀምጣ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«የመጀመሪያው የይገባኛል ጥያቄያችን እጅግ ሰፊ ነው ይላሉ። “ቅጠል የሚጨምቅ ማንኛውም ባለ እጀታ መሣሪያ” ብለን ነበር። እንዲህ ዓይነት መጭመቂያ ከእኛ በፊት ውጭ አገር ሁለት ሰዎች አስመዝግበዋል፤ ሰነዱን አያይዘዋል።»

«እኔ የእነዚያን ሰዎች አገር እንኳ አላውቀውም!»

«ቢሆንም አዲስ አይባልም። ሁለተኛ፣ የተበሳሳው ወለልና ባሌስትራው ሁለት የተለያዩ ፈጠራዎች ናቸው፣ በአንድ ማመልከቻ አይሄዱም፣ አንዱን ምረጡ ይላሉ። ሌላውን ይህኛው ፓተንት ከመሰጠቱ በፊት ለብቻው ማመልከት ይቻላል። ሦስተኛ፣ “እጅግ ጠቃሚ” የሚለውን ሙገሳ አውጡት ብለዋል።» ባርኮት ፈገግ አለች። «እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። መልስ ለመስጠት ሁለት ወር አለን። እንደ እኔ ቀዳዳዎቹን ብንይዝ ይሻላል። ውሃ ማስወጣት ለማንም መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ ብዙ ያስገኝልዎታል።»

ደብሪቱ ጠየቀች። «ወንደሰን የሚሸጠው የትኛው አለበት?»

ባርኮት አላወቀችም። ደብሪቱ በማግስቱ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ወንደሰን በሌለበት ሰዓት ኮተቤ ሄደች። ሠራተኞቹ አያውቋትም፤ ገዢ መስላቸው አንዱን መጭመቂያ አወረዱላት። እጇን ሳጥኑ ውስጥ ከትታ ወለሉን ዳሰሰች። ድፍን ነው። ወንደሰን ቀዳዳ መብሳቱን ከንቱ ድካም አድርጎ ቆጥሮ ትቶታል። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች። ባሌስትራው አለ! እሷ ከውዳቂ ያወጣችውን እሱ ባዲስ ብረት፣ ጉብጠቱን ሳይቀር አስመስሎ አሠርቶታል። ሌባው የወሰደው ያፈረችበትን ነበር። ነጠላዋ ውስጥ ሳቀች፤ ከኤግዚቢሽኑ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

«ባሌስትራውን ያዢ» አለቻት ባርኮትን።

«እትዬ፣ ለበቀል ብለው ዋናውን እንዳይጥሉ።»

«ለበቀል ነው። አልደብቅሽም።»

ባርኮት ኮምፒውተሯን ከፈተች። ችግሩ መጀመሪያ በገባው ወረቀት ላይ ያልነበረ ነገር አሁን መጨመር አለመቻሉ ነው። ስለ ባሌስትራው የተጻፈ ነገር ፍለጋ ገጽ በገጽ ሄዱ። ደብሪቱ አፍራበት ስለነበር ብዙ አላስጻፈችም። በመጨረሻ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ከወለሉ ሥር ጎበጥ ያለች መሥመር፣ ከጎኗም አንዲት ዓረፍተ ነገር ተገኘች፦ «እጀታው ሲለቀቅ ወለሉን ወደ ላይ የሚመልስ የጎበጠ ብረት»። ያቺው ዓረፍተ ነገር በቃች። ባርኮት ሰፊውን ጥያቄ ሰርዛ በጠባብ ቃል ጻፈችው፤ ከሳጥኑ ወለል ሥር የተቀመጠ፣ ሲጫን የሚጎብጥ፣ ሲለቀቅ የታመቀውን የሚያወጣ ብረት ያለው መጭመቂያ። ደብሪቱ እያንዳንዱን ቃል አስደግማ ሰማች። «“የመኪና ባሌስትራ” አትበዪ። የእሱ ከመኪና የወጣ አይደለም፤ ያመልጠናል» ስትል ባርኮት ጣቷን ከቁልፉ አንሥታ አየቻት። ከሕግ ትምህርት ቤት የመጣች መሰለቻት።

መልሱ ገባ፤ መርማሪውም ተቀበለው። ባርኮት ሁለት ጊዜ ደውላ «የቀዳዳውን ማመልከቻ ለብቻው እናስገባ፣ ጊዜው እያለፈ ነው» አለቻት። ደብሪቱ ግን በየሳምንቱ ኮተቤ እየሄደች ከማዶው ሱቅ በር ቆማ፣ የወንደሰን መጭመቂያ ማን ገዝቶ እንደሚወጣ ስትከታተል «ቆይ፣ ነገ» እያለች አሳለፈችው። ፓተንቱ ተሰጠ። የቀዳዳው በር ያን ዕለት ተዘጋ፤ ልብም አላለችው።

ክሱ በወሩ ተመሠረተ። ፍርድ ቤቱ ወንደሰን እንዳይሸጥ ሲያግድ ሽማግሌ ተላከ። የመጡት የነፍስ አባቷ መምሬ ታዴዎስ ነበሩ።

«ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ይቅር በይው። ካሳውንም ልስጥ ብሏል።»

«ስርቆቱስ የማን ነው፣ አባ?» አለች። «ይቅር እላለሁ። ግቢው ውስጥ የቀሩትን ባሌስትራዎች እኔ እያየሁ በገዛ እጁ ይቁረጣቸው። ሠራተኛ አይንካቸው። ማሽኖቹም የማን ፈጠራ እንደሆኑ ሠራተኞቹ ፊት ይናገር።»

ወንደሰን ሁለት ቀን አሰበና እሺ አለ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደብሪቱ የኤግዚቢሽኑን ቀሚስ ለብሳ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ወንደሰን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ይህ ማሽን የእትዬ ደብሪቱ ፈጠራ ነው» አለ።

«አልተሰማም» አለች።

ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ ግራይንደሩን አንሥቶ መቁረጥ ጀመረ። አርባ አንድ መጭመቂያ ነበር። ፍንጣሪው ሸሚዙን በሳው፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሃያኛው ላይ ቆም ብሎ «አይበቃም እትዬ?» አላት። በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች። ከሠራተኞቹ አንዱ ሊያግዘው ሲነሣ በዓይኗ አስቀመጠችው። የብረቱን ጩኸት የማኅሌት ያህል ሰማችው። ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ሲወድቅ ተነሥታ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብላ ወጣች። ያን ምሽት በልታ ጠገበች፤ እንቅልፍም ወሰዳት።

በሦስተኛው ወር ባርኮት ቢሮዋ ጠራቻት። ወንደሰን መጭመቂያዎቹን መልሶ መሸጥ ጀምሯል። ባሌስትራ የላቸውም፤ ጡቡን በእጅ ማውጣት ነው። ወለላቸው ግን ተበሳስቷል። የታተመውን የፓተንት ሰነድ አውጥቶ አንብቦ፣ ደብሪቱ ያስጻፈችውን፣ ግን «ይገባኛል» ያላለችውን ቀዳዳ፣ ከነቁጥሩና ከነቦታው ወስዶታል።

«ልንከሰው አንችልም?»

«አንችልም፣ እትዬ። ትተነዋል። አሁን የማንም ነው።»

ደብሪቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ያ ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሚስማር እየበሳች የጣለቻቸው ወለሎች ሁሉ ትዝ አሏት። ባርኮት ልታለቅስብኝ ነው ብላ ፈርታ ውሃ ቀዳችላት።

«የመርማሪው ደብዳቤ ዛሬ ቢመጣ ቀዳዳውን ይመርጡ ነበር?» ስትል ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

ደብሪቱ ውሃውን ጠጣች። መዋሸት አልፈለገችም። «ያን ቅዳሜ አላየሽም» አለቻት። «ግራይንደሩን ይዞ ሲያቀረቅር አላየሽም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ ጉርድ ሾላ ላይ ታክሲ ለመያዝ ከተሰለፈው ሰው ኋላ ቆመች።