ከመሃል መጀመር

የፈረንሳይኛ ትምህርታችን ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቀን ቀን ሕፃናት በሚማሩበት ክፍል ይሰጥ ነበር። ወንበሮቹ ለልጆች የተሠሩ ስለሆኑ ጉልበታችን ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ ሁላችንም ወደ ጎን ዞረን፣ እግራችንን መተላለፊያው ላይ ዘርግተን ነው የምንቀመጠው። በሩ የብረት ነው። ስለዘመመ ሲከፈት ታችኛው ጫፉ ሲሚንቶውን ይፍቃል፤ ስለዚህ ሳይሰማ የሚገባ ሰው የለም። ስለ በሩ አስቀድሜ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም። ሰው የጣለውን አሮጌ ፍሪጅ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ያልገባኝን በስልኬ ቪዲዮ ፈልጌ አየሁ። ፈረንሳይኛንም የጀመርኩት እንዲሁ ነው፤ ሽፋኑ ከተገነጠለ የሰዋስው መጽሐፍና ከስልክ። ምክንያቴ ጅቡቲ ነበረች። አብሮኝ ያደገ ጓደኛዬ እዚያ ወደብ አጠገብ፣ ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች በሚጠገኑበት ጋራዥ ይሠራል። አሠሪው ተጨማሪ ሰው ሲፈልግ ጓደኛዬ ስለ እኔ ነገረው። ሰውየውም «ስለ እጁ አንተን አምናለሁ። እኔ ግን ከደንበኛ ጋር የሚያወራ ነው የምፈልገው፤ ፈረንሳይኛ ይናገርና ይምጣ» አለው። እስከ መጪው ዓመት መጀመሪያ ሊጠብቀኝ ተስማማ።

ችግሩ ማውራቱ ላይ ነበር። ማንበብ አያቅተኝም፤ ግሱን ሁሉ አውቀዋለሁ። አፌን ልክፍት ስል ግን የማውቀው ሁሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። እውነቱን ለመናገር በአማርኛም ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም።

አስተማሪያችን ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ አባቷ የባቡር ሠራተኛ የነበሩ ሴት ናት። ፈረንሳይኛን የለመደችው በልጅነቷ፣ ከሰፈር ነው። ባለቤቷ በሥራ ወደ እኛ ከተማ ሲዛወር አብራው መጣች። «ማዳም» እንላት ነበር። አንቱ ስንላት «አቦ፣ አታስረጁኝ!» ትል ስለነበር እዚህም አንቺ እንዳልኳት እጽፋለሁ። እሷ ደግሞ ትልቅ ትንሽ ሳትል ሰውን ሁሉ «አንተ» እና «አንቺ» ነው የምትለው።

ይህ ነገር ችግር የሆነው መሪጌታ የመጡ ዕለት ነው።

መሪጌታ ከዲማ በኩል ናቸው። ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አሳልፈው፣ ሲደክማቸው ከተማ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ካላት ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሌላዋ ልጃቸው ጅቡቲ አግብታ ወልዳለች። በስልክ ሲገናኙ የልጅ ልጆቹ የሚያወሩት በፈረንሳይኛ ነው። «ሲስቁ ብቻ ነው የሚገባኝ» ብለውኛል አንድ ቀን። ለትምህርት የመጡት ለዚህ ነበር። የሠርክ ጸሎት ሳያደርሱ ስለማይመጡ ግን ሁልጊዜ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ነው የሚደርሱት።

የመጀመሪያው ዕለት በሩ ሲሚንቶውን ፋቀና መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ አሉ። ክፍሉ በሙሉ ተነሣ።

«ኖር!» አልን።

«በእግዜር፣ በእግዜር። ተቀመጡ!» አሉ።

እሳቸው ሳይቀመጡ የሚቀመጥ የለም። እሳቸው ደግሞ እኛ ቆመን ቁጭ ማለት ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ሁላችንም እንደቆምን ቀረን። ማዳም ጠመኔዋን ይዛ አንዴ እኛን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች።

«ምን ሆናችሁ? እሳት ተነሣ?»

«ኧረ ሰው ገብቶ ነው፣ ማዳም» አላት ከእኔ አጠገብ የሚቀመጠው የባጃጅ ሾፌር።

«በር ካለ ሰው ይገባል፤ ለዚህ ይቆማል?» አለችና ወደ መሪጌታ ዞረች። «አንተ፣ ና እዚህ ፊት ለፊት ተቀመጥ።»

ከኋላ አንዲት ነርስ ነበረች፤ በነጠላዋ አፏን ስትሸፍን አየኋት። መሪጌታ ግን ቀስ ብለው ሄደው ተቀመጡና ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ለመሆኑ ፈረንሳዮች ‹እርስዎ› የሚሉት ነገር የላቸውም?» ሲሉ ጠየቁ።

«አላቸው እንጂ።»

«እንግዲያው የሌላት ድሬዳዋ ብቻ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሁላችንም በላይ የሳቀችው ማዳም ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ «አንተ» ስትላቸው መሪጌታ ቅር ሲላቸው አላየሁም። እንዲያውም ሳትጠራቸው ያመሸች ቀን «ዛሬ ተኳርፈናል?» ይሏት ነበር።

ማዳም ሕግ አወጣች፦ በዚህ ክፍል ማንም ለማንም አይነሣም። ሁላችንም እሺ አልን። በሚቀጥለው ትምህርት በሩ ሲፍቅ ግን ግማሻችን ቆመን ተገኘን። «በልባችሁ ተነሡ! ወንበሩን ተዉት!» ብላ ጮኸች። የባጃጁ ሾፌር «እኔ እኮ ተቀምጫለሁ ማዳም፣ ጉልበቴ ነው የተነሣው» አላት። ሕጉ ሳይሻር፣ ሳይከበርም ወራት አለፉ።

የትምህርቱ የመጀመሪያ ክፍል ሊያልቅ ሲል ማዳም ፈተናውን ነገረችን። እያንዳንዳችን ተማሪው ፊት ቆመን ለአምስት ደቂቃ ስለ ሥራችን እናወራለን። ያወራ ወደ ሁለተኛው ክፍል ያልፋል፤ ያላወራ የመጀመሪያው ክፍል በሚቀጥለው ዓመት እስኪከፈት ይጠብቃል። የጅቡቲው ሰውዬ ያን ያህል እንደማይጠብቅ አውቃለሁ።

ስለ ፍሪጅ ጥገና ጻፍኩ። እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት እያመሳከርኩ፣ የማልተማመንበትን አረፍተ ነገር እያወጣሁ አስተካከልኩት። ከዚያ በቃሌ ለመያዝ ተነሣሁ። ከመሪጌታ ጋር ወደ ቤት የምንሄደው በአንድ መንገድ ስለሆነ እሳቸው መምህሬ ሆኑ። ዳዊት የደገሙበትን ዘዴ ነው የሰጡኝ።

«አንዷን ትላለህ። ሁለተኛዋን ስትጨምር ከመጀመሪያዋ ትነሣለህ። ሦስተኛዋንም ስትጨምር ከመጀመሪያዋ። እንደ ውኃ ይወርድልሃል።»

ማታ ማታ አስፋልቱን ይዘን ስንሄድ እላለሁ፤ እሳቸው በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ያዳምጣሉ። መኪና ጥሩንባ ነፍቶ ካቋረጠኝ «ከመጀመሪያው!» ይላሉ። የሚያውቁት ሰው ሰላም ብሏቸው ካለፈም «ከመጀመሪያው!» ነው። ቃላቱን ሁሉ ባይረዷቸውም የት ጋ እንደተሳሳትኩ ከዜማው ይለዩት ነበር። በመጨረሻ እውነትም እንደ ውኃ ወረደልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አሳሰበኝና እየፈራሁ ነገርኳቸው። «መሪጌታ፣ የዚያን ዕለት ምናልባት እኔ ስናገር እርስዎ ከገቡ...»

«ገብቶኛል ልጄ። ድምፅህ እስኪያበቃ ውጭ ሆኜ በመስኮት እሰማሃለሁ።»

የፈተናው ዕለት ዝናብ ያዘ። ተራው በዕጣ ነበር። ነርሷ ስለ መርፌ አወራች። የባጃጁ ሾፌር በጥቂት ፈረንሳይኛና በብዙ የእጅ ምልክት ባጃጁን ሊሸጥልን ምንም አልቀረው፤ አለፈ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ማዳም ሰዓት ለመያዝ ስልኳን አወጣች።

ጀመርኩ፤ ወረደልኝ። የራሴ ድምፅ አስገረመኝ። በመስኮቱ ጥግ የመሪጌታን ጥምጥም አየሁት፤ መስተዋቱን ተጠግተው ከንፈራቸውን ከእኔ ጋር ያንቀሳቅሳሉ። «በሩን ሳላይ ሞተሩን አልነካም» ከሚለው አረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ከውጭ የዘበኛው ድምፅ መጣ።

«ምነው መሪጌታ! ሰው እንደሌለው ዝናብ ላይ ቆመው? ይግቡ እንጂ!»

«ተው አንተ፣ ዝም በል» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ኧረ አይሆንም! በሞቴ!»

በሩ ሲሚንቶውን ፋቀ። ዘበኛው መሪጌታን በክንዳቸው ይዞ አስገባቸው። ክፍሉ ተነሣ። «ኖር!» አለ ሁሉም። እኔም አልኩ። ፈረንሳይኛ ይናገር የነበረው አፌ ሳላዘው «ኖር» አለ።

«በእግዜር» አሉ መሪጌታ በቀጭን ድምፅ። ከጋቢያቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል።

ሁሉም ተቀመጠ። ማዳም «ቀጥል» አለችኝ።

ጭንቅላቴ ባዶ ነበር። ከመሃል ጀምሬ ስለማላውቅ መሃሉ የት እንዳለ እንኳ ጠፋኝ። በልቤ ከመጀመሪያው ተነሣሁ፤ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይታኝ ይሆናል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ከመጀመሪያው ልጀምር ብዬ...»

«መጀመሪያውንማ ሰማሁት። ከሰው ጋር እያወራህ ሰው ሲገባ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ? ቀጥል።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ጋራዡን አሰብኩ፤ ጓደኛዬ «አልቻለም» ብሎ ለአሠሪው ሲነግረው ታየኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ መሪጌታ ብድግ ብለው። «እንደገና ይበል።»

«ጥፋቱ ያንተ ከሆነ አንተው አውጣው» አለቻቸው ማዳም። «ጠይቀው። በፈረንሳይኛ።»

መሪጌታ ጺማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጣሪያውን አዩ። ከዚያ አንድ አንድ ቃል እያነሡ እንደሚያስቀምጡ ሆነው፣ «ሞን ፍሪጎ...» አሉ። «ፍሪጄ» ማለታቸው ነው። ቆዩና «ፓ ፍሯ» ጨመሩ፤ አይቀዘቅዝም። ወዲያው ከሁሉ የሚወዷትን ቃል አገኙ። «ፑርኳ?» ለምን?

ፍሪጅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ ስሰማ ግን የጠፋብኝን ጽሑፍ መፈለጌን ተውኩ። ለደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀውን ጠየቅኳቸው፦ ሞተሩ ይሠራል?

«ዊ፣ ዊ!» አሉና ድምፁን በጉሮሯቸው አሰሙ። «ቱጁር!» ሁልጊዜ። አያርፍም ማለታቸው ነው።

ውስጡ በረዶ ይሠራል? በጣም። ሞተሩ ሳያርፍ እየሠራ፣ በረዶም እየጋገረ ካልቀዘቀዘ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከበሩ ነው። «ላ ፖርት» አልኩ። በሩ። የበሩ ጎማ ግን በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ጽሑፌ ውስጥ አልነበረም። ከደብተሬ አንድ ወረቀት ቀደድኩና ወደ ክፍሉ በር ሄድኩ። ወረቀቱን ጠርዙ ላይ አድርጌ በሩን ዘጋሁበት። ወረቀቱ ተይዞ ከቀረ ጥሩ ነው፣ ከወጣ መጥፎ ነው አልኩ፤ በአጭር በአጭሩ፣ እየተሳሳትኩ። ሳብኩት። ምንም ሳይዘው ወጣ።

«ሞቬ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። መጥፎ!

ዘበኛው የጠራነው መስሎት በሩን ከፍቶ «ምን ልታዘዝ?» አለ። ሊነሡ የቃጣቸው ጉልበቶች ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

ነርሷ የጤና ጣቢያቸው ፍሪጅ ለምን ከሥሩ ውኃ እንደሚያፈስ ጠየቀች። የባጃጁ ሾፌር ፍሪጅ የለውም፤ ግን ቢገዛ የትኛው ይሻላል አለ። መለስኩለት። ማዳምን ሳያት ሄዳ ከኋላ አንድ የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ተገልብጧል።

«ስንት ደቂቃ አወራሁ?» አልኳት በመጨረሻ።

«አቦ እኔ ምን አውቃለሁ! ማየቱን ረሳሁት። ጠያቂህም አልፏል። ሁለተኛው ክፍል ሰኞ ይጀምራል። እንዳታረፍድ።»

ወደ ቤት ስንሄድ ዝናቡ አባርቷል።

«ያ ሁሉ የያዝከው ጠፋብህ?» አሉኝ መሪጌታ።

«ጠፋብኝ፣ መሪጌታ።»

«ሆ!» አሉ። ጥቂት እንደሄድን ደግሞ፣ «ለመሆኑ ያ ጎማ ይገኛል?»

ለካስ ፍሪጁ የልጃቸው ሱቅ የለስላሳ ማስቀመጫ ነው፤ የእውነት አይቀዘቅዝም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ጎማው ደርቆ በማጠፊያው በኩል ተሰንጥቋል። ከሌላ አሮጌ ፍሪጅ የወሰድኩትን በልኩ ቆርጬ፣ በሙቅ ውኃ አለስልሼ ገጠምኩት። ወረቀት ብናደርግበት ያዘ። መሪጌታ ግን ወረቀቱን አላመኑም፤ አንድ ጠርሙስ አስገብተው እስኪቀዘቅዝ አጠገቡ ተቀምጠው ጠበቁ። ለሠርክም ጸሎት ደርሰው ተመለሱ። ከዚያ ጅቡቲ ደውለው ስልኩን ፍሪጁ ላይ ደገኑና «ፍሪጎ፣ ፍሯ!» አሉ። ልጆቹ ሲስቁ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። አንደኛው የሆነ ነገር ጠየቃቸው፤ እሳቸውም «ላ ፖርት!» ብለው መለሱለት።

«አሁን ምን እንዳሳቃቸው አውቄያለሁ» አሉኝ ስልኩን ሲዘጉ።

ትምህርት ቤት ስንደርስ ትምህርቱ ተጀምሯል። አርፍጄ የማላውቅ ሰው በሩን ከፈትኩት፤ ፋቀ። ክፍሉ ተነሣ። «ኖር!» ሲሉን ማዳምን አየኋት። ከወንበሯ ትንሽ፣ እንደማይታወቅባት አድርጋ ብድግ ብላ ነበር።

«በእግዜር» አልን ከመሪጌታ ጋር።

«አርፍዳችኋል» አለች ፈጥና እየተቀመጠች። «ለምን? በፈረንሳይኛ ንገሩኝ።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ከጎማው ጀመርኩ።