ሦስት ጊዜ የሞተው ሰውዬና የማማ ግንባር

በዚያ በኮሮናው ረመዳን፣ አረብ አገር፣ ሚሽሪፍ በሚባል ሰፈር በምሠራበት ቤት፣ አንድ ሰውዬ ሦስት ጊዜ ሞተ። የሞተው በቴሌቪዥን ነው። ሰዓት እላፊው ማዳምን ከገበያዋ ስለለያት ከአፍጥር በኋላ ሳሎን ተጎልታ ፊልም ማየት ሆነ ሥራዋ። እኔ የማየው ሻይ ሳቀርብና ብርጭቆ ስሰበስብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ስገባ ሰውዬው ደረጃ ሥር ወድቆ ሞቷል። ፍራፍሬ ይዤ ስመለስ ተነሥቶ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ ከዚያ ይሞታል። ለሦስተኛ ጊዜ ስገባ ዘበኛው ይገፈትረዋል።

"ይሄ ሰውዬ ስንት ነፍስ ነው ያለው?" አልኩ ሳላስበው።

ማዳም ስቃ ስታበቃ አስረዳችኝ። ግድያው አንድ ነው፤ ግን ሚስትየው እንዳየችው፣ ወንድምየው እንዳየው፣ ዘበኛው እንዳየው እየተደጋገመ ይተረካል። የሚያስቅ ግድያ መሆኑ ነው። ገዳዩ ዘበኛው ሆነ። እኔስ ገና ብቅ ሲል አውቄያለሁ፤ ሠራተኛ ባለበት ቤት ሌላ ሰው አይገድልም።

በዚያው ሰሞን የማዳም አማት፣ ሁላችንም ማማ የምንላቸው፣ ትኩሳት ያዛቸው። ምርመራው ኮሮና ነው አለ። ልጃቸው፣ የማዳም ባል ባባ፣ በማስክ ላይ ማስክ ደርቦ በር ላይ ቆሞ አለቀሰና ሄደ። ማዳም ደግሞ ሾፌሩን ጠርታ ክፍላቸው ጣሪያ ጥግ ላይ ካሜራ አሰቀለች፤ ሳሎን ቁጭ ብላ በስልኳ ልታስታምማቸው። ወደ ውስጥ የምገባው እኔ ነኝ። የእኔ ሳንባ ከምን እንደተሠራ የጠየቀ የለም።

እናቴ ስትሸኘኝ ከደብራችን ያመጣችውን እምነት በላስቲክ ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር። ለታመመ ሰው የሚቀባውን የቤተ ክርስቲያን አመድ ማለቴ ነው። ከጡት መያዣዬ አይለይም። ማማ እየቃዡ እናታቸውን ሲጣሩ አንጀቴ አልቻለም። ቋጠሮውን ፈትቼ ግንባራቸውን ቀባሁ፤ ደረታቸውንም። ቆንጠር አድርጌም ውሃቸው ውስጥ ጨመርኩ። ካሜራው? እሱማ የተሰቀለው ማማን እንዲያይ ነው፤ እኔንም ያያል ብዬ እንዴት ላስብ!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተጠራሁ። ባባ፣ ማዳምና ሾፌሩ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ስልኩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ከላይ ስታይ እንዲህ ወፍራም መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ከደረቴ ቋጠሮ አወጣለሁ፣ ግራና ቀኝ እገላምጣለሁ፣ ለምን እንደገላመጥሁ እግዜር ይወቀው፣ አሮጊቷን እቀባለሁ፣ ውሃቸው ላይ ዱቄት እነሰንሳለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን ይቺን ሴትዮ አሳስር ነበር።

"ሲህር ነው!" አለች ማዳም፤ ድግምት ማለቷ ነው። ባባ የለም፣ ሀሺሽ ነው አለ። ሾፌሩ ምንም እንዳላየ ማለ፤ ዝም ቢል ምን ነበረበት፣ "ግን ድሮም እጠረጥራት ነበር" ብሎ ጨመረ። ተራው የእኔ ሆነ። አመድ ነው አልኩ። የምን አመድ? አረብኛዬ የወጥ ቤትና የልብስ እጥበት ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄደልኝም።

ባባ ሹርጣ፣ ፖሊስ ማለት ነው፣ ሊጠራ ስልኩን አነሣ። በድግምት ተከስሳ የተያዘች ሠራተኛ ምን እንደሚገጥማት አባሲያ ሰፈር ያሉ የአገሬ ልጆች ነግረውኛል። በደህናው ጊዜ ቢሆን አገሬ ይሰዱኝ ነበር። አሁን አየር ማረፊያው ዝግ ነው፤ ያልተዘጋው እስር ቤት ብቻ ነው። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ማዳም ግን ፊልሙ ገብቶባታል። "የተጎጂዋም ቃል ይሰማ" አለች። ቋጠሮውን አስይዘው ወደ ማማ ክፍል መለሱኝ፤ እነሱ ሳሎን ቀሩ። ካሜራው ድምፅም ያስተላልፋል። ከጣሪያው "ማማ!" የሚል የማዳም ድምፅ ሲመጣ ማማ መልአከ ሞት መስሏቸው ሸሃዳ፣ የመጨረሻውን የእምነት ቃል፣ ማለት ጀመሩ።

"ማማ፣ ይቺ ልጅ የቀባችዎት ምንድን ነው?"

ማማ ቋጠሮውን አዩ። ፊቴንም አዩ።

"የኔ ነው" አሉ። "ሟች እህቴ ከመካ ያመጣችልኝ ነው። ቅቢኝ ያልኳትም እኔ ነኝ። ወላሂ!"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አለ የባባ ድምፅ።

"መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ እነግራችሁ ነበር!"

ማማ ካሜራው ላይ ፎጣ እንድጥል በእጃቸው አሳዩኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ጣልኩ። ስወርድ እጄን ያዝ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አሁን ንገሪኝ" አሉ፤ "መርዝ ነው?"

ደነገጥሁ። ምን እንደሆነ ሳያውቁ ነው በረመዳን የማሉልኝ።

"አይደለም፣ ማማ። አመድ ነው" አልኩና የቤተ ክርስቲያን መሆኑን በጣቴ መስቀል ሠርቼ አሳየኋቸው።

"መርዝ ቢሆን ይሻል ነበር" አሉ። ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ግንባራቸውን ሰጡኝ። "ቶሎ በይ፣ ሰው ሳይመጣ።"

እያለቀስኩ ቀባኋቸው። ማንም እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።