የተላጨ ጉንጭ

የሽርሽር መርከቡ መንገደኞች በቻርልስተን ገበያና በፈረስ ጋሪዎቹ ዙሪያ ሲበተኑ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ወደ ሊያንደር ፀጉር ቤት ገቡ። ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፤ የመርከቡ መታወቂያ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጢማቸውን እንዲላጫቸው ጠየቁ።

ሊያንደር ጉንጫቸውን ዳሰሰ። አንዲትም ፀጉር የለችበትም።

«አባባ፣ ተላጭተዋል እኮ» አለ።

«ጠዋት ራሴ ተላጨሁ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ወረፋ የሚጠብቀው አሳ አጥማጁ ክሌተስ ሳቀ። «ታዲያ ምንዎን ይላጭልዎት? ቅንድብዎን?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «አርባ አንድ ዓመት የምትላጨኝ ባለቤቴ ነበረች» አሉ። «የራሴን እጅ እስካሁን አልለመድኩትም።»

ክሌተስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሊያንደር ምላጩን አላነሳም። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ጨመቀና ፊታቸውን ሸፈነው፤ ከዚያ ጉንጫቸውን በሁለት እጁ ደግፎ ቆመ። ትከሻቸው ቀስ እያለ ሲላላ ታየው።

«መርከቡ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል» አሉ ከፎጣው ሥር።

«ገና ነው አባባ» አለ ሊያንደር። ፎጣው ሲቀዘቅዝ ሌላ ነከረ።