የስምሪት ክፍሏ አሰልጣኝ

በጨዋታ ዘመኗ «ሚስማር» ነበር የሚሏት። የቀኝ ተከላካይ ነበረች፤ አንዴ አጥቂ ላይ ከተለጠፈች የዳኛው ፊሽካ ካልሆነ በቀር የሚነቅላት አልነበረም። ቁመቷ አጭር ነው፣ ድምፅዋ ግን ከሜዳው አጥር አልፎ መንገደኛ ያስደነግጣል። ከአሥር ዓመት በላይ ለአንድ ክለብ ተጫውታ በመጨረሻ ግራ ጉልበቷ እምቢ አላት። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጨዋታ ይብቃሽ» ሲላት «ልምምድስ?» ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ከዚያ በኋላ በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ፣ ስምሪት ክፍል ተቀጠረች። ሥራዋ አውቶቡሶቹን በየተራቸው ወደየመስመራቸው መላክ ነው። ክፍሏ ፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮፎንና ግቢውን ሁሉ የሚያሳይ ሰፊ መስኮት አለው። የጋራዡ ቡድን የሚለማመደው እዚያው መስኮቱ ሥር፣ በቆሙት አውቶቡሶች መሃል ነበር። ተጫዋቾቹ ሾፌሮች፣ ትኬት ቆራጮችና መካኒኮች ናቸው። በመሥሪያ ቤቶች ውድድር ያላሸነፋቸው ቡድን የለም። ሁሉም ኳሷ ወዳለችበት እየተግተለተሉ ሲሮጡ ባየች ቁጥር ሚስማር አንጀቷ ያርራል።

አንድ ቀን ግን አላስቻላትም። ማይክሮፎኑን ከፍታ «ሰባት ቁጥር! ወደ ኋላ ተመለስ እንጂ! ምን ይገትርሃል!» ብላ ጮኸች።

ሰባት ቁጥር የለበሰው መካኒክ ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ከበሩ ሊወጣ የነበረው የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር ግን ታዛዥ ሰው ነውና ማርሹን ቀይሮ ወደ ኋላ መንዳት ጀመረ። ግብ ጠባቂው እግሬ አውጪኝ አለ፤ ለጎል የቆሙት አሮጌ ጎማዎች በግቢው ተንከባለሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሆዱን ያዘ።

የጋራዡ ኃላፊ ጠርቶ «ወይ ማይክሮፎኑን ለሥራ ብቻ አድርጊው፣ ወይ ወርደሽ አሰልጥኛቸው» አላት። ተናግሮ ሳይጨርስ ደረጃው ላይ ነበረች።

በመጀመሪያው ልምምድ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሾፌር፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አትድከሚ። እኛ እንደሆንን አልቆልናል።»

«ጋሼ፣ እርስዎ መስመርዎን ትተው በሌላ ሰው መስመር ይነዳሉ?»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ!»

«ታዲያ ሜዳ ላይ ለምን ይለቁታል?»

ጋሼ አሰብ አደረጉ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ።

ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው መነሻና መድረሻውን ሰጠችው፤ ኳሷን ጥሎ የሚጠፋውንም «ተሳፋሪ ረስተህ ሄድክ!» እያለች ትመልሰዋለች። ወር ሳይሞላ አቻ ወጡ። ቀጥሎም አሸነፉ፤ ጎሉን ያገባው ወፍራሙ ትኬት ቆራጭ በደስታ ዳኛውን አቅፎ ሳመው። እንዲህ እንዲህ እያሉ፣ እነሱም እስኪገርማቸው ድረስ፣ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ።

ችግር የሆነባት ባሏ ብቻ ነበር። እሱም እዚያው ጋራዥ መካኒክ፣ የቡድኑም አጥቂ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ኳስ ከያዘ ግን ለማንም አያቀብልም። ሚስማር ለግማሽ ፍጻሜው የሚሰለፉትን ስትጠራ የእሱን ስም አልጠራችም።

ራት ቀረበ። አብራቸው የምትኖረው እናቱ ሾርባ እየቀዳች ሁለቱንም በጎን ታያቸዋለች።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ባሏ።

«ኳስ አታቀብልም።»

«ባልሽ አይደለሁም እንዴ?»

«እዚህ ባሌ ነህ። እዚያ የማያቀብል አጥቂ ነህ።»

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ሰማሻት?»

«ሰማኋት» አለች እናቱ። «ምን ታድርግህ? ልጅ ሆነህም ብስኩት ከያዝክ በር ዘግተህ ነበር የምትበላው።»

ሚስማርን ሾርባው ትን አላት። ባሏም ሳቁ አመለጠው፤ ኩርፊያው ግን አልለቀቀውም። በጨዋታው ዕለት ፊቱን አጥቁሮ፣ እጁን አጣምሮ ከተቀያሪዎቹ አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ተጋጣሚያቸው የማተሚያ ቤቱ ቡድን ቀድሞ አገባባቸው። ከእረፍት በኋላ ደግሞ የቀኝ ተከላካዩ ጋሼ ባታቸውን ይዘው እያነከሱ ወጡ። «ልጄ፣ ጎማው ተንፍሷል» አሏት።

ሚስማር ለአፍታ ራሷ ልትገባ ቃጣት። ከዚያ ባሏን ጠራችው።

«የኔ ቦታ ነው የምትገባው። የፊትህን ሰው እንዳትለቀው። ኳስ ስታገኝ ለቅርብህ ሰው ስጥና ተመለስ።»

«ጎሉ ክፍት ሆኖ ባገኘውስ?»

«ተመለስ አልኩህ!»

ገባ። የማተሚያ ቤቱ ፈጣን አጥቂ መድረሻ አጣ፤ ወደ ቀኝ ቢል እሱ፣ ወደ ግራ ቢል እሱ። ሚስማር ራሷን ወንድ ሆና የምታይ መሰላት። ኳስም ሲያገኝ አቀበለ። ደግሞም አቀበለ። እናቱ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብላ «አቀበለ! እዩልኝ፣ ልጄ አቀበለ!» ስትል የማተሚያ ቤቱ ደጋፊዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ከእሱ የተነሳችውን ኳስ ትኬት ቆራጩ አስቆጠራት። አንድ ለአንድ ወጡና በፍጹም ቅጣት ምት አሸነፉ። ባሏ እየሮጠ መጥቶ «ይሄ ቦታ እንዲህ ደስ እንደሚል ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

ለዋንጫው ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። ሲመለሱ ግን አውቶቡሱ በዘፈን ሊገለበጥ ደርሶ ነበር። አንድ መንገደኛ «ስንት ለስንት አሸነፋችሁ?» ቢል፣ ትኬት ቆራጩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ተሸንፈን ነው!» አለውና ዘፈኑን ቀጠለ።

በዓመቱ የቀድሞ ክለቧ ሴቶቹን እንድታሰለጥን ጠየቃት። ጠዋት ስምሪት ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ ሜዳ መዋል ጀመረች። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሯት፣ ቀጥለው ለመዷት፣ ከዚያ ጭራሽ አላስቀምጥ አሏት። በመጀመሪያው ጨዋታቸው ሦስት ለአንድ አሸንፈው ወደ ላይ ሊያነሷት ተሻሙ። ግማሹ እግሯን፣ ግማሹ እጇን ሲጎትት ተያይዘው ወደቁ። አሰልጣኟም ከሥራቸው ሣሩ ላይ ተዘርራ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።